የዕድሜ ልክ ዘይት

ከሁሉ አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ ሰው ሲናገር የምሰማው ነገሩን ሳይሆን ስህተቱን ነው።

አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ «ዓረፍተ ነገር ማለት ነገር የሚያርፍበት ነው» እያልኩ ጠመኔ ስፈጭ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ አገር አማርኛ እንደ ባሮ ድልድይ ነው። አኙዋውም ኑዌሩም መዠንገሩም ደገኛውም ይሻገርበታል፤ ሲሻገር ግን ቆሞ ብሎኑን የሚቆጥር የለም። እኔ እቆጥራለሁ። ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ «እዚህ ሴትዮ ይወርዳል» ካለ፣ ሴትዮዋ ወርዳ፣ ገበያ ገብታ፣ ጎመን መርጣ ስትመለስ እኔ ገና «ትወርዳለች» የሚለውን እያስረዳሁ ነው። ከጊዜ በኋላ ባጃጆቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ባዷቸውን እየከነፉ «ሞልቷል!» ማለት ጀመሩ። መኪና የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ነዳጅ ስለምትቆጥብ ነው እላለሁ።

መኪናዋ ሃይብሪድ ናት፤ ግማሽ ቤንዚን፣ ግማሽ ባትሪ። ደላላው «አንድ ሐኪም ከቤቱ ሆስፒታል ብቻ የተመላለሰባት» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ቆጣሪዋ ሦስት መቶ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። ሐኪሙ የሚሠራው ጨረቃ ላይ ነበር ማለት ነው። በባትሪ ስትሄድ ድምፅ የላትም። የመጀመሪያ ሰሞን ገበያ አካባቢ ስንቱን ሰው አስደነገጠች፣ ስንቱን ፍየል አዘለለች፤ በመጨረሻ የባጃጅ ሾፌሮቹ «ሌባዋ» የሚል ስም አወጡላት። «ቲቸር፣ ዛሬ ሌባዋ የለችም?» ይሉኛል። ጾታዋን በትክክል ስለጠሩልኝ አላረምኳቸውም።

ደላላው ቁልፉን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ተናገረ። «የሞተር ዘይቷን በየጊዜው ትቀይራለህ። የካምቢዮ ዘይቷን ግን እንዳትነካ፤ የዕድሜ ልክ ነው።»

የዕድሜ ልክ! ቃሉ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ጫማ አንድ ክረምት በማያልፍበት፣ ጃንጥላ አንድ ዝናብ በማይችልበት ዘመን የዕድሜ ልክ የሆነ ነገር ማግኘት ቀላል ነው እንዴ? ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነገርኳት።

ይህን ቃል ወደ ቤታችን ያመጣው ግን ደላላው ብቻ አይደለም። አባቴ ከአቦቦ አለፍ ብላ ባለች የሰፈራ መንደር ነው የሚኖሩት። በሰፈራው ጊዜ እኔን ጭነት መኪና ላይ ጉልበታቸው መሃል ወሽቀው ከወሎ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ በቆሎና ማሽላ እያረሱ እዚያው ናቸው። ዓምና ደም ግፊት ተገኘባቸው። ነርሷ ኪኒኑን ሰጥታቸው «ይሄ እንግዲህ የዕድሜ ልክ ነው፣ አባባ» ስትላቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዕድሜ ልክ? ምን አጥፍቼ ነው?»

ነርሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከግቢው ስንወጣ ቀስ ብለው «ይግባኝ የለውም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይግባኝ የለውም። በየወሩ ኪኒኑን ከሆስፒታል እየተቀበልኩ ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። ቀኔ ሲደርስ አባቴ ከደጃቸው ወጥተው፣ መንገዱ ዳር በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። «የሰው ልጅ ሲመጣ መኪናው ከሩቅ ይጮሃል» ይሉኛል። «አባት ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል፤ ሲሰማ ይወጣል። ያንተዋ ድምፅ የላት፤ መንገድ መንገዱን ሳይ ዓይኔ ሊፈስ ነው።»

ለነገሩ ድምፅ አወጣች። በዚህ ዓመት በአቦቦ መንገድ ላይ ማላዘን፣ ዳገት ላይ ደግሞ መንገጫገጭ ጀመረች። ኦሞድ ዘንድ ወሰድኳት። ኦሞድ አኙዋ ነው፤ የታወቀ መካኒክ። ጋራዡ አንድ የማንጎ ዛፍና አንድ ሳጥን መፍቻ ነው። አማርኛው አጭር፣ ሙያው ረጅም ነው። ሌባዋን አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና ፈረደ።

«ካምቢዮ ዘይት ሞቷል። ቀይር።»

«ዘይት አይሞትም፤ ያረጃል ነው የሚባለው» አልኩት። «ደግሞም የዕድሜ ልክ ነው።»

ኦሞድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ዕድሜ ልክ የማን?» አለኝ። «የመኪና ወይስ የዘይት?»

ሃያ ዓመት ሙሉ «የ» ምን ከምን ጋር እንደምታያይዝ ሳስተምር ኖሬ ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም። አፌን ይዤ ዘይቱን ከአዲስ አበባ አዘዝኩ።

ዘይቱ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ፈጀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እስካሁን በቀልድ የሸፈንኩት እሱን ነው። የዚያ ወር የአባቴ ኪኒን እኔ ጋ ነበር። ተቀብያለሁ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እሳቸው ዘንድ ያለው ካለቀ ስድስት ቀን ሆኖታል። በሰው ልልከው እችል ነበር። ሚኒባስም በየቀኑ ይሄዳል። እኔ ግን ቅዳሜ ዘይቷን ቀይሬ፣ በለሰለሰች መኪና ራሴ ላደርስ ቆረጥኩ። ስድስት ቀን ምን አላት? አልኩ።

ዓርብ ማታ ኦሞድ ደጄ መጣ። «ነገ ጠዋት የለሁም። የአጎቴ ሚስት አረፈ። ቀብር አለ።»

«አረፈች» አልኩት።

«እ?»

«ሴት ስለሆነች፣ አረፈች ነው የሚባለው።»

ትንሽ አየኝና «እሺ፤ አረፈች» አለ። ነፍስ ይማር ማለቴን አላስታውስም።

ሊሄድ ዞሮ እንደገና ተመለሰ። «ከሰዓት እመጣለሁ። አንተ አትንካ። ከነካህ ግን፣ መጀመሪያ መግቢያ፣ በኋላ መውጫ።»

የካምቢዮው ሳጥን ሁለት ብሎን አለው፤ ታች ያለው አሮጌው ዘይት የሚወጣበት፣ ጎኑ ላይ ከፍ ብሎ ያለው አዲሱ የሚገባበት። ታዲያ አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ ይገባል እንዴ? ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ምስኪን ኦሞድ፣ አማርኛ አሳስታው መውጫና መግቢያው ተምታታበት ብዬ በልቤ አረምኩለት፦ መጀመሪያ መውጫ፣ በኋላ መግቢያ። ቀይ እስክሪብቶ በእጄ ቢኖር ከሥሩ አሰምርበት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ደጃችን ባለው ማንጎ ጥላ ሥር መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፤ በአራቱም በኩል በድንጋይ ደገፍኳት። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ፈረንጅ ሲቀይር አየሁ። ፈረንጁ መፍቻውን አንስቶ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ የሆነ ማስጠንቀቂያ ሊናገር አፉን እንደከፈተ ቀጥ ብሎ ቀረ። እስከ ዛሬም አልዘጋውም። እኔም አልጠበቅሁትም። የባለቤቴን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሳላስፈቅድ ወስጄ በጀርባዬ ተንጋልዬ ከሥር ገባሁ።

ታችኛው ብሎን ገና ስነካው ወጣ። ዘይቱ ተንዠቀዠቀ፤ ቀይ ነው የተባለው ዘይት ከሰል መስሏል። ከዚያ ሁሉ ኪሎ ሜትር የተረፈ ብረት እንደ አሸዋ ሳፋው ታች ዘቀጠ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ጠብቄ ብሎኑን መለስኩና፣ ወደ ላይኛው ዞርኩ።

ላይኛው ብሎን እምቢ አለ።

ገፋሁት። ሳብኩት። በመፍቻው ላይ ቧንቧ ሰካሁና ተንጠለጠልኩበት። ሦስት የባጃጅ ሾፌሮች ቆመው ያዩኛል። አንዱ «ቲቸር፣ ወደ ግራ ነው» አለ። ሁለተኛው «ሰው ሲተኛ ግራ ቀኝ ይሆናል» አለው። ሦስተኛው ማንጎ ይልጣል። በመጨረሻ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁና ተከፈተልኝ ብዬ እልል ልል ስል፣ የተላጠው የብሎኑ አፍ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ጉድጓድ እንደ ቀለበት ክብ ሆነ።

ያኔ ገባኝ። መኪናዋ ውስጥ ዘይት የለም። ዘይት ማስገቢያው አይከፈትም። እንዲሁ ብትነዳ ካምቢዮው ይቃጠላል። አንድ ሰው መግቢያ እንዳለው ሳያረጋግጥ መውጫውን ከከፈተ፣ እንዲህ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ መግቢያ፣ በኋላ መውጫ። ኦሞድ አንዲት ፊደል አልተሳሳተም ነበር።

እዚያው ሥር ተጋድሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። አሪየት ናት። አሪየት የድሮ ተማሪዬ ናት፤ አሁን የአባቴ መንደር ጤና ኬላ ውስጥ ትሠራለች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ርዕሰ መምህሩን «አንተ» ስላለች «አንቱ» የሚለውን ቃል ሃምሳ ጊዜ አስጽፌያታለሁ። «እኛ ቋንቋ ለሁሉም አንድ ነው፣ ቲቸር» ብላኝ ነበር። ሃምሳውን መቶ አደረግሁት።

«ቲቸር፣ አባትህ ራስ በጣም አመመው። ግፊት ለካሁ፣ በጣም ላይ ነው። መድኃኒት የለውም። ቶሎ ና።»

«አመማቸው» አልኩ። እውነቴን ነው፤ እንደዚህ ነው ያልኩት።

«እሺ ቲቸር። አመማቸው። ቶሎ ና። ግባ፣ እረፍ አልኩት፣ እምቢ አለ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ መንገድ ያያል።»

«መጣሁ በያቸው። አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

ስልኩን እንደዘጋሁ የአቦቦው ሚኒባስ በደጃችን አለፈ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «አቦቦ! አቦቦ! አንድ ሰው!» ይላል። ባለቤቴ ከበር ሆና «ሂድ እንጂ! ኪኒኑን ይዘህ ሂድ!» አለችኝ። እኔ ፊቴ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ከሥር ብቅ አልኩና ለረዳቱ እጄን አወዛወዝኩለት፤ እለፍ፣ እለፍ። መኪና እያለኝ በሚኒባስ? ሦስቱ የባጃጅ ሾፌሮች እያዩኝ? አሁን ሳስበው ወደ አባቴ የሚያደርሰኝ መንገድ ያ አንድ ወንበር ነበረ። ያኔ ግን ያሰብኩት ስለ ብሎኑ ነው።

መዶሻ አመጣሁ። መሮ አመጣሁ። ብሎኑን ደበደብኩት፣ ለመንኩት፣ ረገምኩት። አንድ የበሰለ ማንጎ ኮፈኑ ላይ ወድቆ ፈነዳ። ፀሐይዋ ጥላውን እያሳደደች ወሰደችውና እግሬ ውጪ ቀርቶ ይጠበሳል። አንድ ሰዓት አይፈጅም ያልኩት ሦስት ሰዓት ሆነ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሪየት ናት። ድምፅዋ ቀንሷል፤ ከኋላዋ ሰው ይንጫጫል።

«ቲቸር… አባትህ አረፈ።»

ተመስገን! አልኩ በልቤ። በመጨረሻ እሺ ብለው ከዚያ በርጩማ ተነሥተው ገቡ። ጋደም አሉ። ሃሳቤ እፎይ ሲል ልማዴ ነቃ።

«አረፉ ነው የሚባለው፣ አሪየት። ሽማግሌ ናቸው።»

«እሺ ቲቸር» አለች። «አረፉ።»

«ጎበዝ። ሰዎቹን ዝም አሰኚያቸው፤ ምንድን ነው የሚንጫጩት? እንዳትቀሰቅሷቸው። እኔ እየመጣሁ ነው።»

ድምፅዋ ጠፋብኝ። ኔትወርክ ነው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«እሺ ቲቸር» አለችና ዘጋች።

ኦሞድ ከቀብር ሲመለስ ለቅሶ የዋለበትን ነጭ ሸሚዝ እንኳ አልቀየረም ነበር። ሳፋውን አየ። ላይኛውን ብሎን አየ። እኔን አየ። ሌላ ሰው ቢሆን «አላልኩህም?» ይል ነበር፤ ኦሞድ ሸሚዙን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና ሥር ገባ። ከጉድጓዱ ትንሽ ወፈር ያለ ብረት መርጦ በመዶሻ ይቀጠቅጥበት ጀመር።

እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አወራለሁ። «አባባ እንኳን ተሻላቸው፣ ኦሞድ። ጠዋት አሞኛል ብለው ነበር። አሁን አረፈ ብላ ደወለችልኝ።»

መዶሻው ቆመ።

«ማን?»

«አሪየት፣ የጤና ኬላዋ። ያው አነጋገሯን ታውቀዋለህ። አረፉ በይ ብዬ አረምኳት።»

ኦሞድ ከሥር ወጥቶ ቁጭ አለ። አፉን ሊናገር ከፈተው፤ ከዚያ ተወው። እሱ ከደገኛ ጋር ብዙ ዘመን ኖሯል፤ እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ሜዳ ላይ፣ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው እንደማይነገር ያውቃል። ወይም ደግሞ፣ ብናገር ምን ዋጋ አለው፣ ያርመኛል ብሎ ይሆናል። አልፈርድበትም። በዚያ ሰሞን ሊነግረኝ የተከፈተውን አፍ ሁሉ አርሜ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ተመልሶ ገባ። ከዚያ በኋላ እንደሠራው ፍጥነት ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ብረቱን ጉድጓዱን እስኪነክስ ሰደደው፣ በመፍቻ አንድ ጊዜ አዞረው፣ ብሎኑ ጮኾ ወጣ። አዲሱን ዘይት በላስቲክ ቱቦ ሞላው፤ ቀይ፣ ንጹሕ፣ የሚያምር ዘይት። መልሶ ከአፉ እስኪፈስ ጠበቀና በሌላ ብሎን ዘጋው። ሸሚዙን ለበሰ።

«ቁልፍ ስጠኝ። እኔ እነዳለሁ።»

«ለምን? እኔ እችላለሁ።»

«እኔ እነዳለሁ። ሚስትህም ትምጣ። ነጠላ ትያዝ።»

ባለቤቴ አንድ ጊዜ ፊቱን አየችውና ምንም ሳትጠይቅ ገብታ ነጠላዋን አመጣች። እኔ ኪኒኑን ከመሳቢያ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ።

መንገዱን ምን ልበላችሁ። ሌባዋ ሐር ሆነች። ማላዘን የለ፣ መንገጫገጭ የለ። አላሳርፍ አልኳቸው። ስለ ዘይቱ አወራሁ፣ ስለ ብሎኑ አወራሁ፣ መግቢያና መውጫን ከእንግዲህ ለተማሪዎቼ በምሳሌ እንደማስተምር አወራሁ። «ኦሞድ፣ ይሄኛውስ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

መንደሩ መግቢያ ላይ በርጩማውን አየሁት። ባዶ ነው።

«አያችሁ?» አልኩ። «ገብተው አርፈዋል።»

ኦሞድ ሞተሩ እንዳይነሣ ቀስ አድርጎ በባትሪ አስገባት። ድምፅ የሌላት መኪና ክፋቷ ይሄ ነው፤ ሰው ፊቱን ሳያዘጋጅ ትደርስበታለች። ግቢው ሞልቷል። ወንዶቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። አልሰሙንም። አንዲትም ድምፅ የለም፤ ከጎረቤት የመጣ ዶሮ እንኳ ያባርሩታል። ለቅሶ ቤት እንዲህ ጸጥ ሲል በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከመኪናው ወርጄ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ኪኒኑን ጨብጬ ቆምኩ።

አሪየት ናት ቀድማ ያየችኝ። መጣችና ፊቴ እንደ ተማሪ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«ሰዎቹን ዝም አሰኝ ብለህ ነበር፣ ቲቸር፤ ዝም አሰኘኋቸው» አለችኝ። «እንዳትቀሰቅሷቸው ብለህ ነበር።»

ቃሉን በጥንቃቄ መረጠችው።

«አልቀሰቀስናቸውም።»

ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ ፈተሽኩት። ስህተት አልነበረበትም።